«የሲጋራ ሳል ነው፤ አውቀዋለሁ»

 

ባለፈው ሳምንት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ አባቴ ሁለት ወር ሙሉ እያሳለ ነው። ታከም ብለው ‹የሲጋራ ሳል ነው፤ ስንት ዓመት አብሮኝ የኖረ፤ አውቀዋለሁ› ይለኛል። እርስዎን ያከብራል፤ እስቲ አንድ ነገር ይበሉልኝ» ይላል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ ያስተማርኩ፣ ጠመኔ የበላኝ ሰው ነኝ። መድኃኒት ማዘዝ አልችልም። ግን «አውቀዋለሁ» የምትለዋ ቃል ስንት ሰው እንደበላች አውቃለሁ። በመጽሐፍ ያነበብኩት አለ፤ በዓይኔ ያየሁትም አለ። ለልጁ መልስ ልጽፍለት ተቀምጬ ነገሩ ረዘመብኝ፤ እንግዲያውስ ሁላችሁም አንብቡት ብዬ እዚህ አመጣሁት። (ዓመተ ምሕረቶቹ የውጭውን ታሪክ ስናወራ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከሩቅ ልጀምር። በምሥራቅ ጀርመን፣ በቼክ ድንበር አጠገብ ሽኔበርግ የምትባል የማዕድን ከተማ አለች። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ብር ተገኘባትና ሰው ጎረፈባት። እናላችሁ፣ እዚያ ጉድጓድ የሚገቡ ጎልማሶች ሳል ይጀምራቸዋል፣ ይከሳሉ፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ይሞታሉ። ሕዝቡ «የተራራ በሽታ» ብሎ ስም አወጣለት። የማዕድን ሊቁ አግሪኮላ በ1556 በታተመው መጽሐፉ፣ በካርፓቲያ ተራሮች የማዕድን መንደሮች ውስጥ ሰባት ባሎቻቸውን በዚሁ ዓይነት በሽታ የቀበሩ ሴቶች እንዳሉ ጽፏል። ሰባት ባል! አስቡት።

የሽኔበርግ «የተራራ በሽታ» ምን እንደሆነ የታወቀው ግን በ1879 ነው። ሄርቲንግና ሄሴ የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች የሞቱ ማዕድን ቆፋሪዎችን አስከሬን መርምረው በሳንባቸው ውስጥ አደገኛ ዕጢ መኖሩን አሳወቁ። ምክንያቱ ከዓለቱ የሚወጣው ራዶን የተባለ፣ በዓይን የማይታይ፣ ሽታ የሌለው ጨረራማ ጋዝ መሆኑ እስኪለይ ደግሞ 20ኛው ክፍለ ዘመን መምጣት ነበረበት።

ልብ በሉ፤ ምልክቱ ተደብቆ አያውቅም። ሳሉን ሁሉም ሰው ይሰማ ነበር። ክሳቱን ሁሉም ሰው ያይ ነበር። ግን ስም ተሰጠው፤ ስም ሲሰጠው የታወቀ መሰለ፤ የታወቀ ሲመስል ደግሞ ጠያቂ ጠፋ። ሦስት መቶ ዓመት በላይ እንዲህ አለፈ።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። በ1912 አይዛክ አድለር የተባለ የኒው ዮርክ ሐኪም ስለ ሳንባ ካንሰር አንድ መጽሐፍ አሳተመ። መግቢያው ላይ ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል፤ እንዲህ ስላለ ብርቅ በሽታ መጽሐፍ መጻፍ ተገቢ ነው ወይ እያለ። ከዓለም ሕክምና ጽሑፎች ሁሉ ለቃቅሞ ያገኘው 374 ሕመምተኞችን ብቻ ነበር።

ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1919፣ በሴንት ሉዊስ ከተማ አንድ ፕሮፌሰር የሕክምና ተማሪዎቹን ሰብስቦ የአንድ ሰው አስከሬን ሲመረመር እንዲያዩ አደረገ። «በሕይወታችሁ ሁለተኛ ላታዩት ትችላላችሁ» በሚል። ሟቹ የሳንባ ካንሰር ነበረበት። ከተማሪዎቹ አንዱ ኦልተን ኦክስነር ይባላል። እውነትም ለ17 ዓመት ሁለተኛ አላየም። በ1936 ግን፣ በኒው ኦርሊንስ ቀዶ ሐኪም ሆኖ ሲሠራ፣ በስድስት ወር ውስጥ ዘጠኝ ሕመምተኞች መጡበት። ሁሉም ወንዶች፤ ሁሉም ብዙ የሚያጨሱ፤ ሁሉም ማጨስ የጀመሩት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ። ኦክስነር «ጥፋተኛው ሲጋራ ነው» አለ። ብዙ ባልደረቦቹ ሳቁበት።

ከማይቀበሉት አንዱ የቀድሞ አስተማሪው፣ ታላቁ ቀዶ ሐኪም ኤቫርትስ ግራሃም ነው። የዛሬው ታሪኬ ዋና ሰው እሱ ነው፤ ትንሽ ታገሱኝ።

በ1933 ጄምስ ጊልሞር የተባለ የፒትስበርግ ሐኪም ወደ ግራሃም መጣ። 48 ዓመቱ ነው። ለወራት ትኩሳት፣ ሳልና የግራ ደረት ሕመም ሲመላለስበት ቆይቷል። ራጅ ተነሣ፤ በግራ ሳንባው ላይ ጥላ ታየ። በቱቦ ገብተው ናሙና ወሰዱ፤ ካንሰር ሆነ። በዚያ ዘመን ይህ የሞት ፍርድ ማለት ነው። ጊልሞር ከቀዶ ሕክምናው በፊት የመቃብር ቦታ ገዝቶ ነበር ይባላል። ሚያዝያ 5 ቀን 1933 ግራሃም ደረቱን ከፈተ። ሐሳቡ የሳንባውን አንድ ክፍል ብቻ ማውጣት ነበር፤ ዕጢው ያለበትን ቦታ ሲያየው ግን አልበቃም። የግራ ሳንባውን ሙሉውን አወጣው። ለሳንባ ካንሰር አንድ ሳንባ ሙሉ በአንድ ጊዜ ወጥቶ ሰው የዳነበት የመጀመሪያው ቀን ያ ነው። ጊልሞር ወደ ሥራው ተመለሰ። በአንድ ሳንባ 30 ዓመት ኖረ። ዕጢው ሳይሠራጭ ተደርሶበት ነበርና።

ግራሃም ራሱ ግን አጫሽ ነበር፤ ያውም ብርቱ አጫሽ። ሲጋራና የሳንባ ካንሰር አብረው ጨመሩ ሲሉት «የሴቶች የናይለን ስቶኪንግ ሽያጭም እኮ ጨምሯል» ብሎ ይቀልድ ነበር። ኋላ ኧርነስት ዊንደር የሚባል የሕክምና ተማሪ «እስቲ እናጥና» አለው። ተስማማ። በ1950 የ684 ሕመምተኞችን ታሪክ ይዘው ወጡ። የሳንባ ካንሰር ከያዛቸው ወንዶች እጅግ አብዛኞቹ ለረጅም ዓመታት ብዙ ያጨሱ ነበሩ። በዚያው ዓመት እንግሊዞቹ ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል በለንደን ሆስፒታሎች ያደረጉት ጥናት ወጣ፤ ከ649 ወንድ ሕመምተኞች ያላጨሱት ሁለት ብቻ ናቸው። ዶል ጥናቱን ሲጀምር የጠረጠረው የመንገድ ሬንጅንና የመኪና ጭስን ነበር። ውጤቱን ሲያይ እሱም ሲጋራውን ጣለ።

ግራሃምም አመነ፤ ማጨሱን ተወ። ግን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አጭሶ ነበር። በ1957 መጀመሪያ ላይ ጉንፋን መሰል ነገር ያዘው። ራጅ ሲነሣ ካንሰር በሁለቱም ሳንባዎቹ ተሠራጭቶ ተገኘ። በካንሰር የተያዘ ሙሉ ሳንባ በአንድ ጊዜ አውጥቶ መጀመሪያ ሰው ያዳነው እጅ ለራሱ ምንም ማድረግ አልቻለም። ለዚያ ሲስቁበት ለነበረው ለኦክስነር ደብዳቤ ጽፎ፣ በሽታው እንደ ሌሊት ሌባ ሳይታወቀው እንደገባበት ነገረው። መጋቢት 4 ቀን 1957 ዐረፈ። ታካሚው ጊልሞር ሐኪሙን ስድስት ዓመት ያህል በዕድሜ ቀደመው።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል። በዚያ ዘመን ከግራሃም በላይ ይህን በሽታ የሚያውቅ ሰው ነበር? አልነበረም። «አውቀዋለሁ» ማለት የሚገባው ሰው ቢኖር እሱ ነበር።

አንድ ሌላ ልጨምር። የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ 6ኛ፣ የንግሥት ኤልሳቤጥ አባት፣ አጫሽ ነበሩ። መስከረም 23 ቀን 1951 በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ውስጥ ግራ ሳንባቸው ወጣ። ለሕዝቡ የተነገረው በሳንባቸው ላይ «የአካል ለውጥ» እንደታየ ነው። ካንሰር የሚለው ቃል አልተነሣም። ለንጉሡ ለራሳቸውም አልተነገራቸውም። በየካቲት 6 ቀን 1952 በእንቅልፋቸው ሳሉ ልባቸው ቆመ። የዓለም ምርጥ ሐኪሞች ዙሪያቸውን ነበሩ፤ ግን የበሽታውን ስም የሚጠራላቸው ሰው አልነበረም።

ይህን ሳነብ «ፈረንጅም እንደኛው ነው ለካ» አልኩ። እኛስ? «እንዳትነግሩት፣ ይደነግጣል» እያልን ሐኪሙን በኮሪደር የምንለምን ሰዎች አይደለን? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ደግሞ ለልጆቻችን እናስተምራለን።

አሁን ወደራሴ ልምጣ።

በመምህራን ማረፊያ ክፍላችን አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ያስተማራችሁ ታውቁታላችሁ። ካርታ ሳያይ አባይን ከጣና እስከ ካርቱም በጠመኔ የሚስለውን ታስታውሱታላችሁ። ያ ነጎድጓድ ድምፁ ከአንዱ ክፍል ሆኖ ሦስተኛው ክፍል ይሰማ ነበር። ከሱ ጋር በዕረፍት ሰዓት ኒያላ እየተካፈልን አጭሰናል፤ እሱ ቀጠለ፣ እኔ ልጄ ስትወለድ ተውኩ።

በ2004 ዓ.ም. ክረምት ላይ ድምፁ ሻከረ። እኛ ሳቅንበት። «የጠመኔው ብናኝ ነው»፣ «ይበቃሃል፣ ሠላሳ ዓመት ጮህክ» አልነው። እኔ ራሴ ዝንጅብልና ማር አዘዝኩለት፤ ሐኪም አይደለሁም ያልኳችሁ ሰውዬ! መስከረም ላይ ድምፁ አልተመለሰም። ሳሉ ጨመረ፣ ኮቱ ሰፋው። ሄዶ ታየ። አክታው ውስጥ የቲቢ ተሕዋስ አልተገኘም፤ ግን በራጁ ላይ ጥላ ስላለ የቲቢ መድኃኒት ተጀመረለት። ይህን ስል ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ቲቢ በሞላበት አገር የሚያስልና የሚከሳ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ቲቢ ማሰብ ትክክል ነው። ስሕተቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወራት አለፉ፣ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ወሰደ፣ አልተሻለውም፤ እኛም፣ እሱም፣ ያዩትም «ታግሠህ ጨርስ» አልን። ሲቲ ስካን ሲነሣ ጊዜው አልፎ ነበር።

ቋንቋችንም እዚህ ላይ ያጃጅለናል። «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ቲቢ ማለታችን ነው። «ነቀርሳ» ብቻውን ስንል ደግሞ ካንሰር ማለታችንም ይሆናል። አንድ ስም ለሁለት በሽታ። የጓደኛዬ ቤተሰቦች ካርዱ ላይ ያለውን ሲሰሙ «ያው ነቀርሳ ነው፣ መድኃኒቱን እየወሰደ ነው» አሉ። ሽኔበርግን አስታውሱ፤ ስም ተሰጠው፣ ጠያቂ ጠፋ።

ሊሞት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሊጠፋ በደረሰ ድምፁ «አንተ የታሪክ ሰው ነህ፤ እውነቱን ንገረኝ፤ ምንድነው ያለብኝ?» አለኝ። ቤተሰቡ እንዳልነግረው አስምለውኝ ነበር። «ይሻልሃል» አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እንዳወቀብኝ አውቃለሁ። ይኸው እስከዛሬ ይከነክነኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ስለዚህ በሽታ ያገኘሁትን ማንበብ የጀመርኩት። ድምፁ ለምን ሻከረ? ለካ የግራውን የድምፅ አውታር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ በቀጥታ ወደ ጉሮሮ አይሄድም። መጀመሪያ ወደ ደረት ይወርዳል፣ በትልቁ የደም ቧንቧ ሥር ዞሮ ተመልሶ ይወጣል። ደረት ውስጥ ያለ ዕጢ እዚያ ላይ ሲጫነው ድምፅ ይሻክራል። ጠመኔው ምንም አላደረገም።

ሳንባ ራሱ ሕመም የሚሰማበት ነርቭ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በሽታው መጀመሪያ ላይ አያምም። ሲናገር በዘወርዋራ ነው። ከሐኪሞች ጽሑፍ የለቀምኳቸውን ምልክቶች እነሆ፦

– ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል። (ለቲቢ ደግሞ በአገራችን ሁለት ሳምንት ነው የሚባለው፤ ስለዚህ በሁለት ሳምንቱ ሂዱ።)
– የኖረ ሳል ጠባዩን ሲቀይር፦ ሲጠነክር፣ ድምፁ ሲለወጥ፣ ሌሊት መቀስቀስ ሲጀምር። የአጫሽ ሳል ያለበት ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው።
– አክታ ላይ ደም። ጥቂትም ቢሆን፣ አንድ ቀን ብቻ ታይቶ ቢጠፋም።
– በረጅሙ ሲተነፍሱ ወይም ሲያስሉ የሚብስ የደረት ሕመም።
– ድሮ ሳይደክሙ የሚወጡት ደረጃ ላይ ትንፋሽ ሲያጥር።
– ሳይጾሙ መክሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ በእንቅልፍ የማይለቅ ድካም።
– ሳምንታት የቆየ የድምፅ መሻከር።
– ታክሞ እየዳነ እዚያው ቦታ ላይ የሚመላለስ የሳንባ ምች።
– የማይለቅ የትከሻና የክንድ ሕመም፣ በተለይ በዚያው ወገን የዓይን ቆብ ሲወርድ። ይህን የፊላዴልፊያው የራጅ ሐኪም ሄንሪ ፓንኮስት በ1924 እና በ1932 ስለጻፈበት በስሙ ይጠራል፤ በሳንባ ጫፍ ላይ ያለ ዕጢ የሚያመጣው ነው። ስንቱ ሰው «ብርድ መታኝ» ብሎ ትከሻውን ሲያሳሽ ይከርማል!
– የፊትና የአንገት ማበጥ። ይህ ቀጠሮ የሚጠበቅለት አይደለም፤ በዚያው ቀን ነው የሚኬደው።
– የጣት ጫፎች ማበጥና የጥፍር መድበልበል።

የመጨረሻው የታሪክ ሰው ልብ ይሰርቃል። የግሪኩ ሂፖክራተስ ከ2,400 ዓመት ገደማ በፊት የደረት በሽታ ያለባቸው ሰዎች ጥፍር እንደሚጎብጥ አስተውሏል። በ1976 ደግሞ ሊዮ ሻምሮት የተባለ የደቡብ አፍሪካ የልብ ሐኪም በገዛ ጣቱ ላይ ያየውን ጻፈ፤ የሱው የልብ በሽታ ነበር። የሁለት እጃችሁን ተመሳሳይ ጣቶች ጥፍር ለጥፍር አጋጥሙ። በመካከል የአልማዝ ቅርጽ ያለች ትንሽ ቀዳዳ ትታያለች። ቀዳዳዋ ከጠፋች ሐኪም ይይ። አሁን ስልካችሁን አስቀምጣችሁ እንደምትሞክሩት አውቃለሁ፤ ሞክሩ። ግን ቀዳዳዋ ስላለች ብቻ ሳላችሁን አትናቁ።

እንዳትደነግጡ ደግሞ። አብዛኛው ሳል ካንሰር አይደለም። ጉንፋን አለ፣ አስም አለ፣ ቲቢ አለ፣ የጨጓራ አሲድም ያሳስላል። የምለው አንድ ነገር ነው፤ ስሙን ለራሳችን አናውጣለት።

«እኔ አላጨስም» የምትሉም አትዝናኑ። በቻይና ሹዋንዌይ በምትባል አካባቢ ሲጋራ ነክተው የማያውቁ ሴቶች በሳንባ ካንሰር በብዛት ያልቁ ነበር። ምክንያቱ ጭስ ማውጫ በሌለው ቤት ውስጥ የሚነድ፣ ጭሱ የበዛ የድንጋይ ከሰል ነው፤ ጭስ ማውጫ ሲሠራላቸው በሽታው ቀነሰ። የእንጨት ጭስንም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት «ምናልባት ካንሰር አምጪ» ብሎ መድቦታል። እናቶቻችን ዕድሜ ልካቸውን የኩበትና የእንጨት ጭስ ሲምጉ ኖረዋል። እናታችሁ ስታስል «ጭሱ ነው» ብላችሁ አትለፉ።

ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። በ1970ዎቹ የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ አጫሾችን በየአራት ወሩ ራጅና የአክታ ምርመራ አደረገላቸው። ብዙ ዕጢ ተገኘ፤ የሟቾች ቁጥር ግን አልቀነሰም። ተስፋ ተቆረጠ። በ2011 የወጣው ጥናት ግን 53,454 ሰዎችን ይዞ፣ አነስተኛ ጨረር ያለው ሲቲ ስካን በራጅ ከመመርመር ጋር ሲነጻጸር በሳንባ ካንሰር የሚሞተውን ሰው በ20 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ዛሬ በአሜሪካ ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 ሆኖ፣ በቀን አንድ ፓኬት ለ20 ዓመት ያህል ላጨሱና አሁንም ለሚያጨሱ ወይም ካቆሙ 15 ዓመት ላልሞላቸው በየዓመቱ ይህ ምርመራ ይመከራል። ይህ ምንም ምልክት ለሌለው ሰው ነው። ታክሲ እየነዳችሁ፣ ሌሊት እየሠራችሁ «ጊዜ የለኝም» የምትሉ ወንድሞቼ፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ምልክት ያለው ሰው ግን ዕድሜና ፓኬት አይቁጠር፤ ይሂድ።

እዚህ አገር ቤት ያለነው እንዲህ ያለ በየዓመቱ የሚደረግ ምርመራ ገና የለንም። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶች ማጨስን ከልክሏል፤ መልካም ነው። የሳንባ ራጅ ግን ብዙ ቦታ አለ፣ የቲቢ ምርመራም በነፃ ነው። መጀመሪያ እሱን አድርጉ። ቲቢ ከሆነ ይድናል፤ እሰየው! ተሕዋሱ ካልተገኘ፣ ወይም መድኃኒት ተጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ለውጥ ከሌለ ግን ዝም አትበሉ። «ዶክተር፣ ሌላ ነገር ሊሆን ይችላል? ሲቲ ስካን ያስፈልገኛል?» በሉ። ይህ ድፍረት አይደለም። ራጅም ሁሉን አያሳይም፤ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ምልክቱ ከቀጠለ ተመልሳችሁ ሂዱ። ለጓደኛዬ ያልጠየቅኩለት ጥያቄ ይህ ነው።

አሁን ለተማሪዬ አባት፦

ጋሽዬ፣ ልጅዎ ስለነገረኝ አይቆጡት። ሳልዎን እንደሚያውቁት አምናለሁ። ግራሃምም ያውቅ ነበር። እኔም የጓደኛዬን ድምፅ መሻከር አውቀው ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ብለው ያሳደጉን አባቶቻችን ናቸው። ሰኞ ጠዋት ከልጅዎ ጋር ሄደው አንድ ራጅ ይነሡ። ምንም ካልተገኘ ቡናውን እኔ እጋብዛለሁ፤ በታሪክ መምህር ሥጋት እየሳቅን እንጠጣለን። የሆነ ነገር ከተገኘም በጊዜ ተገኘ ማለት ነው፤ እንደ ጊልሞር።

ለእናንተም፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የቤት ሥራ ሰጥቼ አላውቅም፤ ዛሬ አንድ ልስጥ። ይህን ስታነቡ አንድ የሚያስል ሰው ፊቱ መጥቶባችኋል። ዛሬውኑ ደውሉለትና «ሳሉ ስንት ሳምንት ሆነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሦስት ሳምንት በላይ ካላችሁ ቀጠሮውን እናንተ ያዙለት። «አውቀዋለሁ» ካላችሁ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ላኩለት።